የሐኪሙ ለቅሶ ቤት የት ነው?

ዛሬ የምናካፍላችሁ ከታሪክ ነው። የምንጀምረው ግን ከራሳችን ጥፋት ነው።

ከዓመታት በፊት በደሎ መና ስናገለግል በጉባኤያችን አንዲት አዋላጅ ነርስ ነበረች። አንድ ሌሊት ደም አልቆም ያላትን ወላድ ይዛ በአምቡላንስ ወደ ጎባ ወጣች። መንገዱን የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ። ከደሎ መና ተነሥቶ ሐረና ጫካን ይሰነጥቃል፣ ሪራን ያልፋል፣ ዳገቱን ጨርሶ አራት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ሳነቴ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ጎባ ይወርዳል። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከታች ቡና የሚበቅልበት ሞቃት አገር ነው፤ ከላይ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፣ ከጅብራና ከቀይ ቀበሮ በቀር ብዙ የሚታይ የለም። ያቺ እናት ጎባ አልደረሰችም። ሳነቴ ላይ፣ ጉም ውስጥ፣ በአዋላጇ እጅ ላይ ሕይወቷ አለፈ። አምቡላንሱ ዞሮ ተመለሰ። አዋላጇ አስከሬኑን ለቤተሰብ አስረከበች፣ ፎርሙን ሞላች፣ በማግስቱ ተራዋ ስለነበር ሥራ ገባች።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ በር ላይ ጠብቃን፣ «መጋቢ፣ እጄ ላይ ነው የሞተችው» አለችን። እኛም እዚያው ቆመን ከኢዮብ ጠቀስንላት፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ መሆኑን ነገርናት፣ እጃችንን ጭነን ጸለይንላት። ሁሉም ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። «አሜን» ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ሌሊት ለማንም አልተናገረችም። ከጥቂት ወራት በኋላ ከማዋለጃ ክፍል ወደ ካርድ ክፍል ለመዛወር ማመልከቷን ሰማን። ያን ጊዜ እንኳ ሁለቱን ነገር አላገናኘንም።

አገራችን ስለ ሐዘን ብዙ ታውቃለች። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ዕድሩ ወንበርና ድስት ያመጣል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል። በባሌ ያሉ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ታዚያ ብለው ከሐዘንተኛው ጋር ይቀመጣሉ። አዲስ ለቀስተኛ በገባ ቁጥር ሐዘንተኛዋ ትጠየቃለች፦ እንዴት ሆነ? መቼ ነው የታመመው? መጨረሻ ላይ ምን አለ? እርስዋም ከመጀመሪያው ትጀምራለች። በሦስት ቀን ውስጥ ያንኑ ታሪክ ሠላሳና አርባ ጊዜ ትናገራለች። መጀመሪያ ቀን ቃሉ ይቆራረጣል፣ ከመካከል ይጀመራል፣ በልቅሶ ይቋረጣል። በሦስተኛው ቀን ታሪኩ መጀመሪያና መጨረሻ አበጅቷል። «ይህንማ ቅድም ነገርሽን» የሚላት ሰው የለም። ይህን ያስተማረን ኮሌጅ የለም፤ እናቶቻችን ሲያደርጉት አይተን ነው።

በሞተችው ሴት ቤት ለቅሶው እንዲህ ሲካሄድ፣ ከሟቿ ጋር የመጨረሻዋን ሰዓት ያሳለፈችው አዋላጅ ግን ድንኳን የላትም። ዘመድ አይደለችምና ማንም «እንዴት ሆነ?» ብሎ አይመጣላትም። ከመጣም የሚመጣው ሌላ ጠያቂ ነው፤ «እንዴት ሆነ?» የሚለው ቃል አንድ ሆኖ ሳለ ከለቀስተኛ አፍ ሲወጣና ከመርማሪ አፍ ሲወጣ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። መርማሪው የሚፈልገው ነገሩን ነው፣ ለቀስተኛው የሚፈልገው ሰውየውን ነው። ባለሙያዎች ዲብሪፊንግ የሚሉት፣ ከአስደንጋጭ ክስተት በኋላ የጤና ሠራተኞችን ሰብስቦ የማናገር ልማድ፣ ታሪኩ ሲመረመር እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የተቀላቀሉበትና ቀስ በቀስ የተለዩበት ታሪክ ነው ብለን እናምናለን።

ከቅርባችን እንጀምር። ከባሌ ተራሮች የሚነሣው የወልመል ወንዝ ሐረናን አቋርጦ ቁልቁል ወርዶ ገናሌ ይገባል። ገናሌን ተከትሎ ወደ ዶሎ አቅጣጫ የወረደ ሰው መልካ ዲዳ የሚባል ስፍራ ያገኛል። በ1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ አገራችንን በወረረችበት ጊዜ በዚያ ግንባር የራስ ደስታ ዳምጠው ጦር ከጄኔራል ግራዚያኒ ጦር ጋር ተፋጦ ነበር። የስዊድን ቀይ መስቀል አምቡላንስም በዚያ ሰፍሮ ቁስለኛ ያክም ነበር። አምቡላንስ ሲባል ያን ጊዜ መኪና ብቻ አልነበረም፤ ሐኪሞችን፣ አስታማሚዎችን፣ ድንኳንና መድኃኒት የያዘ ተንቀሳቃሽ ሆስፒታል ነበር። መሪው ዶክተር ፍሪዴ ሂላንደር ቀድሞ በአገራችን በሚሲዮን ሐኪምነት ያገለገለ ሰው ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች መጥተው የቀይ መስቀል ምልክት ያለበትን ሰፈር ደበደቡት። በየድንኳኑ ተኝተው የነበሩ ብዙ ቁስለኞች አለቁ። ከስዊድናውያኑ ጉናር ሉንድስትሮም ሞተ፣ ሂላንደርም ራሱ ቆሰለ። ከእነርሱ ጋር ያገለግሉ የነበሩት ኢትዮጵያውያን አስታማሚዎችና ረዳቶች ስም ግን እንደ ስዊድናውያኑ በየመጽሐፉ አይነሣም፤ ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነናል።

ከድብደባው በኋላ ጥያቄ አልጠፋም። ስዊድን ተቃወመች፣ ጉዳዩ ለዓለም አቀፉ ቀይ መስቀልና ለመንግሥታቱ ማኅበር ቀረበ። ምልክቱ ከአየር ይታይ ነበር ወይ? ስንት ቦምብ ወደቀ? አውሮፕላኖቹ ስንት ነበሩ? እነዚህ የፍትሕ ጥያቄዎች ናቸውና መጠየቅ ነበረባቸው። ሁሉም ግን የመርማሪ ጥያቄዎች ናቸው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ መጨረሻ፣ አዲስ አበባ በዘረፋ ስትታመስ፣ የእንግሊዙን አምቡላንስ የሚመራው ዶክተር ጆን ሜሊ ቁስለኞችን ከመንገድ ሲያነሣ በጥይት ተመትቶ ሞተ። የቀሩት ባልደረቦቹ ሥራቸውን ቀጠሉ። የዘመኑ ሕክምና ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የወታደርን የአእምሮ ጉዳት ሼል ሾክ ብሎ ሰይሞት ነበር፤ ትኩረቱ ግን ተዋጊው ላይ ነበር። ቁስል የሚያጥበው ሰው እጁ ሲንቀጠቀጥ ምን እንደሚባል ገና ብዙ አልታሰበበትም።

ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ እንለፍ። በ1977ቱ ረሃብ በመቀሌ ክሌር በርትሺንገር የምትባል የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ነርስ በልጆች መመገቢያ ጣቢያ ትሠራ ነበር። ምግቡ የሚበቃው ለጥቂቶች ነው፤ በር ላይ የሚሰለፉት ልጆች ከሺህ ያልፋሉ። በየጊዜው ወጥታ በሰልፉ መካከል እየተራመደች ስልሳ ሰባ ያህል ትመርጣለች። የተመረጠው ይገባል፣ ያልተመረጠው ይቀራል። እጅግ የደከመው ቢገባም ላይተርፍ ስለሚችል፣ ሊተርፍ የሚችለውን መምረጥ ነበረባት። የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የተሠራጨውን ዘገባ ይዞ ሲወጣ ዓለም ደነገጠ፣ ገንዘብ ጎረፈ፣ ዘፈን ተዘፈነ። በዚያ ዘመን ልጆች የነበርን ሁላችን «ድርቁ» ሲባል የምናስታውሰው አለን። ነርሷ ግን ያንን ምርጫ በልቧ ይዛ ወደ አገሯ ተመለሰች። ሰው ያደነቃትን ያህል እርስዋ ራሷን ከገዳዮች ጋር ትቆጥር ነበር። ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ስለዚያ ነገር እምብዛም አልተናገረችም። ኋላ ከዚያው ጋዜጠኛ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ተመልሳ በዚያን ጊዜ ልጆች የነበሩትን ሰዎች አገኘች፤ እነርሱም በፍቅር ተቀበሏት። ታሪኳን በመጽሐፍ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው።

ስለ እርስዋ ስናነብ አብረዋት ወተት ያደለሉ፣ ሰልፉን ያስጠበቁ፣ አስተርጓሚ ሆነው «አንቺ ግቢ፣ አንቺ ቅሪ» የሚለውን በገዛ ቋንቋቸው ለእናቶች የተናገሩ ኢትዮጵያውያንን እናስባለን። ነርሷ ቢያንስ ወደ ሌላ አገር ሄደች። እነርሱ በዚያው ቀሩ፤ በገበያ ከእነዚያው እናቶች ጋር ተገናኙ።

አሁን ወደ ልማዱ እንምጣ። ዲብሪፊንግ የሚለው ቃል ከጦር ሠራዊት የመጣ ነው። አብራሪ ከግዳጅ ሲመለስ ያየውን ይጠየቃል፣ መረጃው ለሚቀጥለው በረራ ይጠቅማል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኤስ.ኤል.ኤ. ማርሻል የተባለው የአሜሪካ ጦር ታሪክ ጸሐፊ ከውጊያ የወጡ ወታደሮችን በቡድን ሰብስቦ ምን እንደሆነ ይጠይቅ ነበር። ስለ አሠራሩ ትክክለኛነት ኋላ ብዙ ክርክር ተነሥቶበታል። ዓላማው ታሪክ መጻፍ ነበር፤ ነገር ግን አብረው የተዋጉ ሰዎች አብረው ሲናገሩ ቀለል እንደሚላቸው ታየ። መርማሪ ሆኖ የተጠየቀው ጥያቄ ሳይታሰብ የለቀስተኛን ሥራ ሠራ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1983 ጄፍሪ ሚቸል የተባለ አሜሪካዊ፣ ቀድሞ ራሱ በእሳት አደጋና በድንገተኛ ሕክምና የሠራ የሥነ ልቦና ሰው፣ ይህን በሥርዓት አስቀመጠው። ሰባት ደረጃ አለው፦ መተዋወቅ፣ ምን እንደተፈጸመ መናገር፣ ያን ጊዜ ምን እንዳሰቡ፣ ከሁሉ የከበዳቸው ምን እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲህ በሰውነትና በእንቅልፍ ምን እንዳዩ፣ ትምህርት፣ ከዚያም ወደ ሥራ መመለስ። ለአምቡላንስ ሠራተኞችና ለእሳት አደጋ ሰዎች የታሰበው ይህ ዘዴ በጥቂት ዓመታት ዓለምን አዳረሰ። ሆስፒታሎች፣ የእርዳታ ድርጅቶች፣ የሚሲዮን ማኅበራትም ያዙት። አደጋ በደረሰበት ሁሉ አማካሪ እየሮጠ ሄዶ ሰውን ሰብስቦ «ተናገሩ» ይል ጀመር። አንዳንድ ቦታ ግዴታ ሆነ።

ከዚያ ምርምሩ መጣ። በዌልስ፣ እሳት ያቃጠላቸውን ሕሙማን የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1997 ታተመ። ከ13 ወራት በኋላ ሲታዩ፣ ዲብሪፊንግ ከተደረገላቸው 26 በመቶው፣ ካልተደረገላቸው ደግሞ 9 በመቶው በክፉ ትዝታ ሕመም ተይዘው ተገኙ። እርግጥ የመጀመሪያዎቹ ሲጀመርም ቃጠሏቸው የከፋ ነበር፤ ይህን ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አልሸሸጉም። የመኪና አደጋ የደረሰባቸውን ሦስት ዓመት የተከታተለ ሌላ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳየ፦ መጀመሪያ በጣም የተረበሹት ሰዎች ካልተነኩ በጊዜ ይሻላቸዋል፣ ወዲያው ተቀምጠው ዘርዝረው እንዲናገሩ የተደረጉት ግን እንደተረበሹ ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ተቋም ሁሉንም አይቶ፣ የአንድ ጊዜ ስብሰባ ሕመሙን እንደማይከላከል፣ ግዴታ ማድረጉም መቆም እንዳለበት ደመደመ።

ሚዛናዊ ለመሆን ግን አንድ ነገር እንጨምር። እነዚህ ጥናቶች በአብዛኛው ያዩት ብቻቸውን የተጎዱ ሕሙማንን ነው። የሚቸል ዘዴ የታሰበው አብረው ለሚሠሩ፣ አብረው ለወጡ፣ ነገም አብረው ለሚወጡ ሰዎች ነበር። አንዱን ለሌላው አገልግሎት አውለው ሲሠራ ክፉ ውጤት ማምጣቱ አያስደንቅም። እኛ ከዚህ ክርክር የተማርነው ሰው ዝም ይበል የሚል አይደለም። የማያውቁት ሰው አንድ ጊዜ መጥቶ፣ ቁስሉን ከፍቶ፣ ፈርሞ ሲሄድ ይጎዳል። የለቅሶ ቤት ሐዘንተኛ የምትናገረው ለሚያውቋት ነው፣ ሲሰማት ነው፣ ደጋግማ ነው፣ እየበላች ነው። ዝም ብትልም «ተናገሪ» አትባልም።

እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች ጋር፣ ከእነርሱም መካከል ወርልድ ቪዥን አለበት፣ የመጀመሪያ የሥነ ልቦና እርዳታ መመሪያ አወጣ። ሦስት ነገር ይላል፦ ተመልከት፣ አዳምጥ፣ አገናኝ። ሰውየው በልቷል ወይ? ብርድ ይዞታል ወይ? ማን አለው? መናገር ከፈለገ ስማው፣ ካልፈለገ አታስገድደው፣ ከዘመዱና ከሚያስፈልገው አገልግሎት ጋር አገናኘው። ከዚህ ጎን ለጎን በሆስፒታሎች አጫጭር ልማዶች በቀሉ። አንድ ሕመምተኛ ሲሞት ቡድኑ ከአልጋው ሳይለይ ለአንድ ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ ይቆማል፤ ይህን በአሜሪካ ቨርጂኒያ የጀመረው አንድ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነው። ከዚያ በአምስትና በአሥር ደቂቃ ምን እንደሆነ፣ ምን ጥሩ እንደተሠራ፣ ማን ወደ ሥራ መመለስ እንደሚችልና ማን ማረፍ እንዳለበት ይነጋገራሉ። ረዘም ያለው ውይይት ከቀናት በኋላ ለሚፈልግ ሰው ይዘጋጃል።

አገልጋዮች ስለሆንን ይህን ስናነብ ወደ 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 መሄዳችን አልቀረም። ኤልያስ ሞትን ለምኖ ከክትክታ ዛፍ በታች ተኛ። መልአኩ መጥቶ አልሰበከውም፤ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፣ ተኛ፣ እንደገና ቀስቅሶ አበላው። ከዚያ በኋላ ነው ጌታ የጠየቀው። ኤልያስም ተናገረ። ነፋሱና እሳቱ ካለፈ በኋላ ጌታ ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ጠየቀው፤ ኤልያስም ያንኑ መልስ ቃል በቃል መለሰ። ኮሌጅ ሳለን ይህን ድግግሞሽ ከጽሑፉ አወቃቀር ጋር አያይዘን አጥንተነዋል፣ ፈተናም ጽፈንበታል። ጌታ «ቅድም ነግረኸኛል» አለማለቱ ግን ያን ጊዜ አልታየንም። በመጨረሻ ኤልሳዕን ሰጠው፣ ብቻህን አይደለህም ብሎ የሰባቱን ሺህ ሰዎች ነገር ነገረው። ኤልያስን የሕክምና መመሪያ ማድረግ አንወድም፤ ቅደም ተከተሉን ግን ልብ በሉት።

ማርቆስ 6ንም እንዲሁ። ደቀ መዛሙርት ከተላኩበት ተመልሰው ያደረጉትን ሁሉ ለኢየሱስ ነገሩት፣ እርሱም ወደ ምድረ በዳ ፈቀቅ ብለው እንዲያርፉ ጠራቸው፤ ለመብላት እንኳ ጊዜ አልነበራቸውምና። ከዚያ ቀደም ባለው ቁጥር የተጻፈው የመጥምቁ ዮሐንስ መቀበር ነው። ማቴዎስ ደግሞ ዮሐንስን የቀበሩት መጥተው ለኢየሱስ እንደነገሩት፣ እርሱም ይህን ሰምቶ በጀልባ ፈቀቅ እንዳለ ይጽፋል። ጌታችን ራሱ ለቅሶ ላይ ነበር። ዕረፍቱም ብዙ አልቆየም፣ ሕዝቡ በእግር ቀድሟቸው ደረሰ። የጤና ባለሙያ ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል፤ የእርሱም ዕረፍት እንዲሁ ነው።

ወደ ባሌ እንመለስ። በ2005 ዓ.ም. አገራችን የእናቶችን ሞት የሚከታተል ሥርዓት ዘርግታለች። አንዲት እናት በወሊድ ምክንያት ስትሞት ባለሙያዎች ተቀምጠው ሦስቱን መዘግየቶች ይመረምራሉ፦ ወደ ሕክምና ለመሄድ በመወሰን የዘገየው፣ በመንገድ የዘገየው፣ ከደረሰች በኋላ ሕክምና በማግኘት የዘገየው። ስም ሳይጠራ፣ ጥፋተኛ ሳይፈለግ እንዲሆን የታሰበ ነው። መልካም ሥራ ነው፤ ለደሎ መና ሰው ሁለተኛው መዘግየት ሳነቴ ራሱ ነውና፣ ይህ ሲመዘገብ ነው መንገድና ደም ባንክ የሚታሰበው። ነገር ግን ይህ የመርማሪ ጥያቄ ነው። የሞላችውን ፎርም ይዛ የምትቀርብ አዋላጅ ምንም ያህል ስም አይጠራም ቢባል «ምን አጎደልሽ?» ተብላ እንደተጠየቀች ይሰማታል። አንዱ ስብሰባ ሁለቱንም ሥራ ይሥራ ማለት አይሆንም። ከመርማሪው ስብሰባ በፊት ለቀስተኛ ሊደርስላት ይገባል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ነገር ደግሞ ከዚህም ይጠነክራል። በ1995 ዓ.ም. ገደማ መርሐ ግብሩ ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሴቶች እንዲመደቡ፣ የሚመረጡትም ከዚያው አካባቢ እንዲሆኑ ተደረገ። ጥቅሙ ብዙ ነው። ሸክሙም አለ፤ በእጇ የሚሞተው ሕፃን የጎረቤቷ ልጅ ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ኮሌራ በደሎ መና ጎረቤት በሐረና ቡሉቅ ወረዳ ሲነሣ፣ ወደ በርበሬም ሲሻገር፣ ኋላም በብዙ ክልሎች ሲዛመት፣ መጀመሪያ በሩን ያንኳኩት እነዚህ ሴቶች ናቸው። ኮሌራ ጠዋት ጤነኛ የነበረውን ሰው ማታ ሊገድል ይችላል፤ በጊዜ ፈሳሽ ከተተካለት ግን ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ይድናል። ለሠራተኛዋ የሚከብደው ይኸው ነው። «ግማሽ ቀን ብቀድም ኖሮ» የምትለው ሐሳብ ባዶ አይደለችም። ወደ ለቅሶው ቤት እንደ ጎረቤት ትገባለች፣ እንደ መንግሥት ሠራተኛ ትታያለች። ሐዘንተኛው «እንዴት ሆነ?» ሲላት ቃሉ የየትኛው ጥያቄ እንደሆነ አታውቅም።

እኛ ምን አደረግን? ብዙ አይደለም። ያቺ አዋላጅ ከማዋለጃ ክፍል መውጣቷን ከሰማን በኋላ ይቅርታ ልንጠይቃት ሄድን። «መጋቢ፣ ጸሎቱ አልከፋኝም፤ ግን አልጠየቃችሁኝም» አለችን። ከዚያ ወዲህ ነው በየአሥራ አምስት ቀኑ ሐሙስ ከሰዓት በአንዲት ጡረታ በወጡ ነርስ ቤት ቡና መፍላት የጀመረው። በቤተ ክርስቲያን ያላደረግነው ሆን ብለን ነው፤ ከሚመጡት እኩሌታው ሙስሊሞች ናቸውና፣ ሐዘናቸውን ለመስማት ሃይማኖታቸውን መጠየቅ አንፈልግም። አለቃና ሠራተኛ እኩል ይቀመጣል፣ የአምቡላንስ ሾፌሩና የጽዳት ሠራተኛዋም ይጠራሉ፤ ደሙን ያጠበችው እርስዋ ናትና። የሕመምተኛ ስም አይነሣም። ማን አጠፋ አይባልም፣ ለዚያ ሌላ ቦታ አለው። ዝም ያለ ሰው አይገፋም። የተባለው ከዚያ ቤት አይወጣም። እኛም አንሰብክም። ይህች የመጨረሻዋ ደንብ ለእኛ ለአገልጋዮች ከሁሉ የከበደችው እንደሆነች እንመሰክራለን፤ የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው መልካም ሠርተው፣ አፋቸውን ሲከፍቱ ነው ያጠፉት።

ከወር በላይ እንቅልፍ የከለከለው፣ ያው ነገር በቀንም በሌሊትም የሚታየው፣ ከሰው የራቀ፣ መጠጥ የጀመረ፣ መኖር ታከተኝ ያለ ሰው ሲገጥመን በቡና አናባብለውም። የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል አብረነው እንሄዳለን። «እምነት ካለህ ሐኪም አያስፈልግህም» የሚል አገልጋይ ቢኖር፣ ይህን ለሐኪም መናገሩን ያስብ።

አዋላጇ በእነዚያ ሐሙሶች ለረጅም ጊዜ ቡና ከማቀበል በቀር አልተናገረችም። ስትናገርም መጀመሪያ ስለ አምቡላንሱ ጎማ ነበር። በሌላ ጊዜ ስለ ጉሙ። በሦስተኛው ጊዜ ይመስለናል፣ ቤቱን የከፈቱልን እናት «ልጄ፣ እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አሏት። ጀመረች። ሪራን ሲያልፉ ሴትየዋ በረደኝ አለች አሉን። ብርድ ልብሱ ደም ጠጥቶ ስለነበር ትከሻዋ ላይ የነበረውን ጋቢ አውልቃ አለበሰቻት። ሳነቴ ላይ ስታርፍ በዚያው ጋቢ ገነዘቻት፣ ቤተሰቡም አልፈታውም፣ አብሮ ተቀበረ። ይህን ከዚያ በፊት ሰምተነው አናውቅም፤ በዚያች እሑድ ሳነቴን ተሻግራ ስትመለስ ጋቢ እንዳልነበራት እንኳ አላየንም።

«እናቴ ፈትላ የሰጠችኝ ነበር» አለች። ማንም አልመለሰላትም። አጠገቧ የተቀመጠው የአምቡላንስ ሾፌር ራሱን ዝቅ አደረገ። ቤቱን የከፈቱልን እናት ቶናውን ቀዱ፣ መጀመሪያ ለእርስዋ ሰጧት።